በጠባብ ቦታ የሞዴል ባቡር መስመር አነዳደፍ

ቦታ ሲጠብ የሰው ሐሳብ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሐዲዱ ነው። በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዙር፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ዋሻና ሦስት ጣቢያ ለማስገባት ትግል ይጀመራል። ሁሉም ነገር ተጨናንቆ ከገባ በኋላ የባቡሩ ራስ አንዱን ጣቢያ ሳይለቅ ጭራው ሌላው ጣቢያ ላይ ቆሞ ይገኛል። የዚህ ምክንያቱ የቦታው ማነስ አይደለም፤ ሥራው ከጭራው መጀመሩ ነው። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ባቡሩ ስንት ፉርጎ እንደሚጎትት ነው። ፉርጎዎች የሚቆሙበት የጎን ሐዲድ፣ የመሳፈሪያው፣ የኩርባውና ሐዲዱ የሚነጠፍበት ሰሌዳ ልክ ሁሉ ከዚያ ርዝመት ይወጣል። ሐዲድ መሳል ከሁሉም በኋላ ይመጣል።

1. ቦታውን፣ ቀጥሎም ክንድዎን ይለኩ

የክፍሉን ርዝመትና ወርድ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ሲከፈት እስከ የት እንደሚደርስ ሁሉም ወረቀት ላይ ይስፈር። ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበትን ግድግዳ ቢቻል ይተዉት፤ ሐዲዱ በሙቀት ይለጠጣል፣ የሕንፃዎቹም ቀለም ይደበዝዛል።

ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆመው ክንድዎን ይዘርጉ። ከሐዲድ የወጣ ፉርጎ ከፊት ለፊት ያሉትን ዛፎችና ቤቶች ሳይነኩ አንሥቶ መመለስ የሚቻለው ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር ርቀት ድረስ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ጋር የሚጣበቅ ሰሌዳ ከዚህ በላይ መስፋት የለበትም። ዙሪያውን የሚዞሩበት ሰሌዳ ከዚህ ሊሰፋ ይችላል፤ መተላለፊያው ግን ከክፍሉ ላይ የሚቀነስ ቦታ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህን ሒሳብ ነው። 2 ሜትር በ3 ሜትር በሆነ ክፍል መሃል 1 ሜትር በ2 ሜትር ሰሌዳ ቢቀመጥ ዙሪያው የሚተርፈው ጎን ለጎን እየተሾለከ የሚታለፍበት ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። በዚያው ክፍል ሁለት ግድግዳዎች ላይ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የኤል ቅርጽ መደርደሪያ ቢሰቀል ግን 4 ሜትር ከ70 ያህል ርዝመት ይገኛል፤ ወለሉም ሙሉ በሙሉ ነጻ ይሆናል። ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ከዐሥር መደርደሪያውን እወስዳለሁ።

2. ስኬሉን ይምረጡ

በብዛት የሚገኙት ሁለቱ ስኬሎች ኤችኦ እና ኤን ናቸው። ኤችኦ እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል፤ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያሳንሳል፤ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር ነው። በመካከላቸው ቲቲ አለ፤ 1 ለ120፣ በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ። ከሁሉም በታች ማርክሊን በ1972 ያወጣው ዜድ ይገኛል፤ 1 ለ220፣ በ6.5 ሚሊሜትር ሐዲድ።

ያው ንድፍ በኤን ሲሠራ በኤችኦ ከሚወስደው የቦታ ስፋት (ርዝመት በወርድ) 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ይወስዳል። ይህ ግን ጠባብ ቦታ ያለው ሁሉ ትንሹን ስኬል መምረጥ አለበት ማለት አይደለም። ረጅም ባቡር በሰፊ መልክዓ ምድር መካከል ሲያልፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ኤን ይምረጥ። ፉርጎ እየቀጠለና እየለየ መሥራት የሚያስደስተው ሰው ግን በኤችኦ ይበልጥ ይረካል፤ ሎኮሞቲቩ ከበድ ስለሚል በዝግታ ሲሄድ ኤሌክትሪኩን ሳያቋርጥ ያገኛል፣ መያያዣዎቹም በጣትና በዓይን ለመቆጣጠር ይቀላሉ። በትናንሾቹ ስኬሎች ሐዲዱ ላይ ያረፈች ብናኝ ባቡሩን ለማስቆም ትበቃለች።

ብዙም የማይታሰብ ሦስተኛ መንገድም አለ። ኤችኦኢ የሚባለው ዓይነት የኤችኦን ስኬል ይዞ በ9 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሲሆን፣ በእውነተኛው ዓለም በተራራና በማዕድን ማውጫ አካባቢ ይሠሩ የነበሩትን ጠባብ ሐዲዶች ይወክላል። ሕንፃውና ሰዉ ትልቅ፣ ባቡሩ አጭር፣ ኩርባው ጥብቅ ይሆናል። እነዚያ እውነተኛ መስመሮች ራሳቸው በጠባብ ቦታ ለመጠማዘዝ የተሠሩ ስለነበሩ፣ የሞዴሉ ጥብቅ ኩርባ ለዓይን እንግዳ አይሆንም።

3. ባቡሩን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይለኩ

ለመጠቀም ያሰቡትን ሎኮሞቲቭና ፉርጎዎች አያይዘው በሜትር ይለኩ። ገና ካልገዙ በግምት ይያዙ፦ በኤችኦ ስኬል 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የዕቃ ፉርጎ ከነመያያዣው ወደ 15 ሴንቲሜትር ይሆናል። 26.4 ሜትር የሆነው የአውሮፓ ረጅም የመንገደኛ ፉርጎ ደግሞ 30 ሴንቲሜትር ይወስዳል። አንድ ሎኮሞቲቭና አራት እንዲህ ያሉ የመንገደኛ ፉርጎዎች አንድ ሜትር ተኩል ሊጠጉ ነው። በ1 ሜትር ከ80 መደርደሪያ ላይ ይህ ባቡር ከቆመ በኋላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። አንድ አጭር ሎኮሞቲቭና ሦስት የዕቃ ፉርጎዎች ግን 60 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆኑ ያው መደርደሪያ ለእነርሱ ሦስት እጥፍ ርዝመት ነው።

ጠባብ ቦታ የሚሰፋው ባቡሩ ሲያጥር ነው። እኔ የምከተለው ልክ ባቡሩ ከሚታየው መስመር ርዝመት ሢሶ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ከዚያ ካለፈ ጉዞ የሚባለው ነገር ይጠፋል።

4. ኩርባው ይገባል ወይስ አይገባም?

ባቡሩ ያለማቋረጥ እንዲዞር ከተፈለገ ሁለት ግማሽ ክቦች ያስፈልጋሉ፤ የሰሌዳውን ስፋት የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው። በኤችኦ ተዘጋጅተው ከሚሸጡት ሐዲዶች መካከል የተለመደው ሁለተኛው የኩርባ ልክ ራዲየሱ 438 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እጥፉ 87.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ባቡሩ ከጠርዝ እንዳይወድቅ በሁለቱም በኩል አምስት አምስት ሴንቲሜትር ሲጨመር 97.6፣ እንግዲህ 1 ሜትር ማለት ነው። በኤን 282 ሚሊሜትር ራዲየስ ብንይዝ በዚሁ አሠራር 66 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ 70 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ከግድግዳ ጋር ቢያጣብቁት ከኋላ ያለው ሐዲድ ላይ ክንድዎ አይደርስም፤ ሁለተኛው ግን ይሆናል። ዙር የግድ ካስፈለገና ቦታው ከጠበበ ኤንን የሚያስመርጠው ይህ ልዩነት ነው።

ኩርባው መግባቱ ብቻ ደግሞ በቂ አይደለም፤ ባቡሩ በላዩ ላይ እንዴት እንደሚሄድ መታየት አለበት። ራዲየሱ የረጅሙን ፉርጎ ርዝመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ተኩል ከሆነ ባቡሩ ያለችግር ያልፋል፤ ሦስት እጥፍ ከሆነ ለዓይንም ያምራል። 15 ሴንቲሜትር ፉርጎ ለ438 ሚሊሜትር ኩርባ ተስማሚ ነው። 30 ሴንቲሜትር የመንገደኛ ፉርጎ ግን ለሁለት እጥፍ ተኩል 75 ሴንቲሜትር ራዲየስ ይጠይቃል። አምራቾቹ በጥብቅ ኩርባም እንዲሄድ አድርገው ይሠሩታል፤ የሚታየው ነገር ግን አያምርም።

ምክንያቱን ለማየት ፉርጎውን ከላይ ወደ ታች ይመልከቱት። ፉርጎው ቀጥ ያለ፣ ሐዲዱ ቀስት ስለሆነ፣ መሃሉ ወደ ኩርባው ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። የዚህ ረጅም ፉርጎ ሁለት የመንኮራኩር ቋቶች፣ ማለትም ከሥሩ መንኮራኩሮቹን የያዙት ተሽከርካሪ ክፍሎች፣ በኤችኦ ስኬል 218 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። 218ን በራሱ አባዝተን ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ብናካፍለው፣ በ438 ሚሊሜትር ኩርባ ላይ መሃሉ ከሐዲዱ እምብርት ወደ 13.6 ሚሊሜትር እንደሚገባ እናገኛለን፤ ጫፉም 12.6 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። አሁን ሁለት መስመሮች ጎን ለጎን ሲታጠፉ ያስቡ። የእያንዳንዱ ባቡር ግማሽ ወርድ 17 ሚሊሜትር ነው። የውስጠኛው ባቡር ጫፍና የውጭኛው ባቡር መሃል ፊት ለፊት ሲገናኙ 60 ሚሊሜትር ሊጠጋ የሚደርስ ርቀት ይፈልጋሉ። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ በሰላም የሚተላለፉበት 50 ሚሊሜትር በኩርባው ላይ ያጋጫቸዋል። ተዘጋጅተው የሚሸጡ ኩርባዎች እርስ በርስ ከ60 ሚሊሜትር በላይ እንዲራራቁ ተደርገው የሚሠሩት ለዚህ ነው። በራስዎ እጅ የሚታጠፍ ሐዲድ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ሁለተኛውን መስመር አይሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ግራ ታጥፎ ወዲያው ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስመር ፉርጎዎችን ከሐዲድ ያስወጣል፤ የአንዱ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ሲወጣ የተከታዩ ጫፍ ወደ ሌላው ጎን ይወጣና መያያዣው ይጎተታል። በሁለቱ ኩርባዎች መካከል የረጅሙን ፉርጎ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ ያስገቡ። ይህ ስሕተት ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው በሚያሻግሩት የሐዲድ መቀየሪያዎች መካከልም ሳይታወቅ ይገባል፤ መቀየሪያ ራሱ ኩርባ ነውና።

5. ለባቡሩ ሥራ ይስጡት

ዙር ላይ የሚሽከረከር ባቡር ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁሉንም ያሳየና ያበቃል። ሥራ ያለው ባቡር ግን በ1 ሜትር ከ80 ላይም ምሽቱን ሙሉ ያሠራል። የዚህ ምርጡ ማስረጃ እንግሊዛዊው ሞዴል ሠሪ አለን ራይት የነደፈው ኢንግልኑክ ነው። ሁለት መቀየሪያና ሦስት የጎን ሐዲድ ብቻ አለው፤ ሆኖም ከእርሱ የበለጠ ቦታን የሚያከብር ንድፍ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንደኛው የጎን ሐዲድ አምስት ፉርጎ ይይዛል፤ ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። በሌላው ጫፍ ያለው ማውጫ ሐዲድ፣ ማለትም ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎችን ከጎን ሐዲዶቹ እየሳበ የሚያወጣበት፣ ሎኮሞቲቩን ከሦስት ፉርጎ ጋር ብቻ ይችላል። በጠቅላላው ስምንት ፉርጎዎች አሉ፤ ሲጀመር አምስቱ በረጅሙ ሐዲድ፣ ሦስቱ በአንዱ አጭር ሐዲድ ላይ ይቆማሉ። በየፉርጎው ስም ስምንት ቁራጭ ወረቀት ያዘጋጁና አምስቱን በዕጣ ያውጡ። የተጠሩት አምስት ፉርጎዎች ዕጣው በወጣበት ቅደም ተከተል ረጅሙ ሐዲድ ላይ መሰለፍ አለባቸው። ስምንት በሰባት፣ በስድስት፣ በአምስት፣ በአራት ሲባዛ 6720 ነው፤ ያን ያህል የተለያየ ባቡር ከእነዚህ ስምንት ፉርጎዎች ይወጣል።

በኤችኦ ልኩን አብረን እናውጣ። ፉርጎው 15፣ አጭሩ ሎኮሞቲቭም 15 ሴንቲሜትር ይሁን። ማውጫው 60 ሴንቲሜትር ይሆናል። አጭሩ ዓይነት መቀየሪያ 18.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከመቀየሪያው በኋላ ሁለቱ ሐዲዶች ፉርጎ ከፉርጎ እስከማይነካካ ድረስ እስኪራራቁ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይባክናል፤ ጀማሪዎች ይህን ቁራጭ ስለማያስቡት የመጨረሻው ፉርጎ ቦታ ያጣል። ከዚያ አምስት ፉርጎ፣ 75 ሴንቲሜትር። ድምሩ 163.5 ነው። ረጅሙን ሐዲድ ከመጀመሪያው መቀየሪያ እንዲነሣ፣ ሁለቱን አጫጭር ደግሞ ሁለተኛው መቀየሪያ እንዲከፍላቸው ካደረግን፣ በእነርሱ በኩል 60፣ 37፣ 10 እና 45 ተደምሮ 152 ስለሚሆን በዚያው ውስጥ ይገባል። 1 ሜትር ከ80 በ30 ሴንቲሜትር መደርደሪያ ይበቃል፤ በኤን ደግሞ 1 ሜትር ገደማ።

ርዝመቶቹን ግን አይንኩ። ማውጫው አራት ፉርጎ እንዲችል ቢረዝም ጨዋታው ይቀላል፤ ጎን ሐዲዱ ቢያጥር ጭራሹን አይፈታም። በ1972 አሜሪካዊው ጆን አለን ያወጣው ታይምሴቨርም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ግን መቀየሪያዎቹ ይበዛሉ፣ መልኩም እውነተኛ የዕቃ ማራገፊያ አይመስልም። ለመጀመሪያ ሥራ ኢንግልኑክን እመርጣለሁ።

6. ባቡሩ ከየት ይመጣል?

መስመሩ ሰሌዳው ጫፍ ላይ ቀጥ ካለ ዓለሙም እዚያ ያበቃል። ለዚህ መፍትሔው ድብቅ ጣቢያ ነው፤ ከሕንፃ ወይም ከድልድይ ጀርባ ያለ፣ ተመልካች የማያየው፣ ባቡሮች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ። እዚያ መቀየሪያ መደርደር ቦታ ይፈጃል። በጣም ቁጠባ ያለው ዘዴ ሐዲድ የተቸነከረበት ተነሺ ጣውላ ነው፦ ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ጣውላው ላይ ይወጣል፤ ጣውላው በእጅ ተነሥቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በቦታው ሌላ ባቡር የያዘ ጣውላ ይገጠማል። ባቡሩ እንዳይንሸራተት በሁለቱም ጫፍ መከልከያ ያድርጉለት። የጣውላው ርዝመት በሦስተኛው ደረጃ ላይ የለኩት የባቡር ርዝመት ሲሆን ሦስት አራት ሴንቲሜትር ይጨመርበታል።

መስመሩ ወደ ድብቁ ቦታ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የመንገድ ድልድይ ወይም ከፍ ያለ መጋዘን ይሸፍነዋል። ዋሻ የሚመከረው ከበላዩ ተራራ ለማቆም በቂ ቦታ ካለ ብቻ ነው፤ በ30 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ላይ የቆመ ተራራ ማንንም አያሳምንም።

7. ዳገት

በጠባብ ቦታ ይተዉት። በኤችኦ አንዱ መስመር በሌላው ላይ እንዲያልፍ 8 ሴንቲሜትር ያህል መውጣት አለበት። በ3 በመቶ ዳገት ይህ 2 ሜትር ከ67 ይወስዳል፣ መውረዱም ያንኑ ያህል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ይበልጥ ይደክማል። ከፍታ ካማረዎት ሐዲዱን ደልዳላ አድርገው መሬቱን ዝቅ ያድርጉት፦ ከሐዲዱ በታች የሚያልፍ ጅረት ወይም መንገድ ያንኑ ውበት ያለ ዳገት ይሰጣል።

8. ይሳሉ፣ ከዚያ ወለል ላይ ያንጥፉ

ባለካሬ ወረቀት ላይ 1 ለ10 ይሳሉ፤ ኩርባውን ሁሉ በኮምፓስ። በነጻ እጅ የተሳለ መቀየሪያ ምንጊዜም ከእውነተኛው ያጥራል፣ ይጠብባል፤ ወረቀት ላይ ያማረ ብዙ ንድፍ ሰሌዳ ላይ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኮምፒውተር የሚቀናዎት ከሆነ ኤክስትራክካድ፣ ስካርም እና ኤኒሬይል የሚባሉት ፕሮግራሞች የአምራቾቹን ሐዲድ በትክክለኛ ልኩ ይዘዋል፤ የመጀመሪያው በነጻ ይገኛል።

ሥዕሉ ሲያልቅ መግዛት አይጀምሩ። የመቀየሪያዎቹን ሥዕል በሙሉ ልካቸው አትመው በመቀስ ይቁረጡ፤ አንዳንድ አምራቾች ለዚሁ የሚሆን ሥዕል ያዘጋጃሉ። የሰሌዳውን ልክ በካርቶን ወለል ላይ ያንጥፉ፣ ወረቀቶቹን ይደርድሩ፣ በሐዲዱ ፈንታ ክር ይዘርጉ፣ ለሕንፃዎቹ ባዶ የወረቀት ሣጥን ያቁሙ። ፉርጎዎችዎን በእጅ እየገፉ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያከናውኑ። አንዱ የጎን ሐዲድ ግማሽ ፉርጎ ሲያጥረው፣ የመጋዘኑ ሣጥን መያያዣውን እንዳይደርሱበት ሲጋርደው የሚታወቀው እዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። ሐዲዱን ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ አያድርጉት፤ በጥቂቱ ሰያፍ ሲሆን መስመሩ ከሰሌዳው ውጭ የሚቀጥል ይመስላል። ከግድግዳው በኩል ያሉትን ሕንፃዎች ደግሞ ሙሉ አይሥሯቸው፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ፊት ብቻ ትልቅ ፋብሪካ ያስመስላል። ከዚያ በኋላ ባዶ የቀረ መሬት ካለ ሐዲድ አይጨምሩበት፤ ባቡሩ ትልቅ የሚመስለው አጠገቡ ምንም የሌለበት ቦታ ሲኖር ነው።

9. ከመቁረጥዎ በፊት

ሰሌዳው በበሩ መውጣት መቻል አለበት። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ልክ 120 በ60 ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ረጅሙን ለሁለት ይክፈሉት። መቀየሪያ በመጋጠሚያው ላይ እንዳይወድቅ፣ ሐዲዱም መጋጠሚያውን በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ እንዲያቋርጥ ንድፉን ያንቀሳቅሱ። ፕላይውዱን ከሥር የሚደግፉትን እንጨቶች ቦታ በዚሁ ሥዕል ላይ ያስምሩ፤ አንዱ እንጨት በትክክል ከመቀየሪያው ሥር ካረፈ የመቀየሪያው ሞተር የሚገጠምበት ቦታ የለም። እንጨቱን በሥዕል ላይ ማዛወር አንድ መስመር መደምሰስ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ግን መጋዝ ይጠይቃል።

ኤሌክትሪኩም በንድፍ ይወሰናል። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ የሚመለስበት ቀለበት ካለ፣ ግራና ቀኝ ሐዲዶች ይገናኙና ሾርት ይፈጠራል፤ ያ ቀለበት በሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ ለብቻው መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ኢንግልኑክ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ የራሱን ሽቦ ያስቡለት፤ በመጋጠሚያ ብረት ብቻ የሚተላለፍ ኤሌክትሪክ ከጊዜ በኋላ ይደክማል። አጭር ሎኮሞቲቭ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ መሃላቸው ፕላስቲክ የሆኑትን መቀየሪያዎች ይተዉና ብረት የሆኑትን፣ ኤሌክትሪክ የሚገባላቸውን ይምረጡ። መንኮራኩሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሐዲዱን መጀመሪያ በኮላ አያጣብቁት። በስፒል ብቻ ይያዙት፣ ሽቦውን ለጊዜው ያገናኙ፣ ዕጣ አውጥተው የመጀመሪያውን ባቡር ይሥሩ። ሎኮሞቲቩ በዝግታ እየሄደ በሁለቱም መቀየሪያዎች ላይ ሳይቆም ካለፈና አምስቱ ፉርጎዎች ረጅሙ ሐዲድ ላይ ገብተው መቀየሪያው ከነጻ፣ ኮላውን መክፈት ይቻላል።